የነከሰ ሞተር ምን ይነግረናል? ከጋፋት ምድጃ እስከ ደብረ ታቦር ጋራዦች



የዛሬው ገለጻዬ ርእስ ለታሪክ መድረክ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ መሬት ሥሪት ስንከራከር ለኖርን ሰዎች ስለ ነከሰ ፒስተን ማውራት ምን ይሉታል የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። መልሴ ግን አጭር ነው። የአገራችን የቴክኖሎጂ ታሪክ እስካሁን በአብዛኛው የተጻፈው የመምጣት ታሪክ ሆኖ ነው፤ የመጀመሪያው መድፍ፣ የመጀመሪያው መኪና፣ የመጀመሪያው ስልክ፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን እየተባለ። ዕቃው ከመጣ በኋላ ማን እንዳቆየው፣ ሲሰበር ማን እንደጠገነው፣ ጠጋኙም ሙያውን ከማን እንደተማረ እምብዛም አልጠየቅንም። እኔ ዛሬ የምከራከረው ሳይቋረጥ የዘለቀው የቴክኖሎጂ ታሪካችን ያለው እዚያ፣ በጥገናው ውስጥ ነው ብዬ ነው። የነከሰን አሮጌ ሞተር ማላቀቅ የዚህ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ነው፤ ሞተሩ ራሱም ሰነድ ነው። ይህን ሰነድ ግን ሳናነበው በኪሎ እየተሸጠ ወደ ማቅለጫ በመሄድ ላይ ይገኛል።

ለተማሪዎቼ አንድ ቃል ላብራራ። ፒስተን በሲሊንደር ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል እየተመላለሰ የሚሠራ የሞተር ልብ ነው። በሙቀት፣ በዘይት እጦት ወይም በዝገት ምክንያት ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ሲል ባለሙያዎቻችን «ሞተሩ ነከሰ» ይላሉ። ቃሉ ከየትኛውም መጽሐፍ አልተተረጎመም። ብረት ብረትን በጥርሱ እንደያዘ አድርጎ ያየ ሰው ያወጣው የጋራዥ አማርኛ ነው።

ጋፋት፦ የተሠራው ሲታወስ የሠራው ሲረሳ

ነገሬን ከቅርባችን ልጀምር። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ጋፋት በ1850ዎቹ ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ የብረትና የነሐስ ሥራ መንደር ነበር። በባዝል አቅራቢያ ካለው የቅድስት ክሪሾና ተቋም ወንጌል ሊሰብኩ የመጡት ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ጓደኞቹ፣ ከእነርሱም ጋር ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆል፣ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ መድፍ እንዲያቀልጡ ተደረገ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ሴባስቶፖል የተባለው ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ ተሠራ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በተራራና በገደል መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ኃይል እየተጎተተ፣ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸውን አሳለፉ፤ አውሮፓውያኑ ሠራተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጡ፤ የጋፋት ምድጃ ቀዘቀዘ።

ይህን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። እስቲ ግን በሌላ ዐይን እንየው። 7 ቶን መድፍ የተሸከመ ሠረገላ ለወራት ሲጓዝ አክሰሉ ይፋጫል፣ መንኰራኵሩ ይሰነጠቃል፣ ገመዱ ይበጠሳል። ስለዚህ በጉዞው ሁሉ ጠጋኝ ነበረ ማለት ነው። ወናፍ የነፋው፣ ከሰል ያከሰለው፣ ሸክላውን ቅርጽ ያወጣው የአገር ሰው ነው። የቫልድማየር ስም በመጻሕፍት ሰፈረ፤ ወናፍ የነፉት ሰዎች በጅምላ «ሠራተኞች» ተብለው ታለፉ። ጋፋት የቆመው የውጭ ሰዎቹ ስለሄዱ ብቻ ነው ማለት ይከብዳል። የቀሩት እጆች የያዙትን ዕውቀት የሚያስቀጥል ሥራም ክብርም ስላልነበራቸው ጭምር ነው።

ክብር ስል ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ በጎንደር አገር ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ሸማኔ ለዘመናት በንቀት ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ ማረሻችንን ያበጁልን ቤተ እስራኤላውያን ቀጥቃጮች «ቡዳ» ተብለዋል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ነድቶ አዲስ አበባ ገባ። መኪናዪቱ በየመጽሐፉ «የመጀመሪያዋ» ተብላ ትጠቀሳለች። የባለ እጁ አዋጅ ግን ከእርሷ ጋር ተያይዞ ሲነሣ አይሰማም። ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው እላለሁ፤ ሠሪው እየተሰደበ መኪናው አይቆይምና።

ቃላት እንደ አፈር ንብርብር

የጥገናን ታሪክ በጽሑፍ ማስረጃ ብቻ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሌላ ዓይነት ማስረጃ ግን አለን፤ ቋንቋው። በማንኛውም የደብረ ታቦር ጋራዥ ለግማሽ ሰዓት ቆሞ ያዳመጠ ሰው ቢያንስ አራት ንብርብር ይሰማል።

ከታች ያለው «ባቡር» የሚለው ቃል ነው። እንፋሎት ከሚለው የጣሊያን ቃል ተነሥቶ በባሕር መርከበኞችና በዐረብኛ በኩል ወደኛ ደረሰ። ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ለምኒልክ ያስመጣው የእንፋሎት ተሽከርካሪ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ፤ በገጠራችን እስከ ዛሬ የእህል ወፍጮው «ባቡር» ነው። ብዙዎቻችሁ ሞተር የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያወቃችሁት በመኪና ሳይሆን በወፍጮ ቤት ነው። እንደ እንግሊዙ ሊስተር ያሉ በደቂቃ 650 ዙር ብቻ የሚሽከረከሩ የናፍጣ ሞተሮች ድምፃቸው ከጋራ ጋራ ይሰማ ነበር።

ሁለተኛው ንብርብር ፈረንሳይኛ ነው፤ «ሾፌር»፣ «ጋራዥ»። እነዚህ ከጅቡቲው የምድር ባቡር ጋር የመጡ፣ ከጦርነቱ በፊት የነበረችው አዲስ አበባ ቃላት ናቸው። ልብ በሉ፣ ሁለቱም የሚጠሩት ከመኪናው ውጭ ያለውን ነገር ነው፤ ነጂውንና ማቆሚያውን። መኪናው ገና የመኳንንት ነበርና ሆዱን የከፈተ ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ንብርብር ጣሊያንኛ ነው። እርሱ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል፤ «ቴስታታ»፣ «ቢየላ»፣ «ፋሻ»፣ «ካሚቻ»፣ «ካንዴላ»፣ «ኩሽኔታ»፣ «ጓርኒሲዮን»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ካምቢዮ»፣ «ሞተሪኖ»፤ መሣሪያውም «ካቻቪቴ»፣ «ፒንሳ»፣ «ቶርኖ»። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የስታራቼ ጦር መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር የገባው በካሚዮን ተጭኖ ነው። ወረራው የናፍጣ ወረራ ነበረ ማለት ይቻላል። በ1931 እ.ኤ.አ. መሠራት የጀመረው ፊያት 634 የዚያ ዘመን ትልቅ የጭነት መኪና ነበር። ሕዝባችን ስድስት መቶውን ትቶ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው፤ ቁጥሩ ስም ሆነ። በ1933 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የደብረ ታቦር ጦር እጁን ሰጠ፤ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ነጻ ወጣች። ወራሪው ቢሄድም ካሚዮኑ ቀረ፤ ከእንግሊዞች የማባረር ትእዛዝ ያመለጡ ጣሊያናውያን መካኒኮችም ቀሩ። ልጆቻችን በእነርሱ ጋራዥ ብሎን እያጠቡ፣ እየተቆጡ፣ እያዩ ተማሩ። ከዚያም በኋላ ፊያት 682 መጣ፤ ሦስተኛው ዓይነት «ኤንትሬ» ተብሎ ከአሰብ እስከ ጎንደር የመንገዱ ንጉሥ ሆነ።

አራተኛው ንብርብር እንግሊዝኛ ነው፤ «ሰርቪስ»፣ «ስፔር ፓርት»፣ «ኦቨር ሳይዝ»። ይህ በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን፣ ከላንድሮቨሩ፣ ኋላም ከጃፓን መኪናዎች ጋር የመጣ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን ሥራውን የሚገልጹት ግሦች አማርኛ ናቸው። ሞተር ይነክሳል፣ ይጨሳል፣ ያንኳኳል፣ ይታጠባል፣ ይላቀቃል። ዕቃውን በባዕድ ስም ጠራነው፤ ሕመሙንና መድኃኒቱን ግን በራሳችን ቋንቋ ተረዳነው። ዕውቀቱ ከተቀበልነው ዕቃ ተነሥቶ የራሳችን መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ሞተር በኛ ተራራ ለምን ይነክሳል?

ወደ ነገሩ ብልት ልግባ። ሞተር የሚነክሰው በሁለት መንገድ ነው፤ በሥራ ላይ እያለ በሙቀት፣ ወይም ቆሞ በዝገት። የደቡብ ጎንደር ደጋ ለሁለቱም የተመቸ ነው።

ከወረታ ደብረ ታቦር ያለው ከ40 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ከ1,800 ሜትር ገደማ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ያወጣል። ቻይናውያን መሐንዲሶች በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. ወደ ወልድያ የዘረጉት ይኸው መንገድ ከዚህ በላይም በጉና ትከሻ ይሻገራል። በ2,700 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በ28 በመቶ ያህል ያንሳል፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ሳስቷል፤ ናፍጣው በደንብ ስለማይቃጠል ጥቀርሻ ይበዛል። ውኃም በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ አሮጌ መኪና ራዲያተሩ ቶሎ ይፈላል። በዚህ ጊዜ የፒስተኑ አልሙኒየም ከሲሊንደሩ ብረት ይልቅ በእጥፍ ያህል ይለጠጣል። ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ፒስተን ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር 0.23 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ሲሊንደሩ ግን 0.11 ያህል ብቻ። ልዩነቱ ከአንድ ቅጠል ወረቀት ውፍረት ብዙም አይበልጥም፤ ነገር ግን በሁለቱ መካከል የነበረውን የዘይት ቦታ ለማጥፋት ይበቃል። ያን ጊዜ ይነክሳል።

ሁለተኛው መንከስ ድምፅ የለውም። መኪናው መለዋወጫ አጥቶ፣ ባለቤቱ ሞቶ፣ ወራሾች ተካስሰው፣ በግቢ ጥግ ይቆማል። ሞተር ሲቆም ሁልጊዜ ቢያንስ የአንዱ ሲሊንደር ቫልቭ ክፍት ይሆናል፤ የክረምታችን ጉም በጭስ ማውጫው ገብቶ እዚያ ያድራል። ዝገት ከበላው ብረት ቢያንስ እጥፍ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ በፋሻውና በግድግዳው መካከል እንደ ሽብልቅ ይሆናል። ከአራት ወይም ከስድስት ፒስተን አንዱ ከያዘ፣ ሁሉም በአንድ ክራንክ ሻፍት የታሰሩ ናቸውና ሁሉም ይቆማሉ። ሁለት ክረምት ለዚህ ይበቃሉ።

የማላቀቅ ሥርዓት

የተሻሉት ባለሙያዎች ሥራውን የሚጀምሩት በክልከላ ነው። የነከሰ ሞተር በሞተሪኖ አይነሣም፤ በማርሽ አስገብቶም አይጎተትም። ያ ጉልበት በቢየላው ያልፋል፤ ቢየላውን ያጎብጣል፣ ፋሻውን ይሰብራል፣ የተሰበረው ፋሻ ደግሞ ሲሊንደሩን ይሰነጥረዋል። ነገ በሽማግሌ ትዕግሥት የሚድነውን ሞተር ዛሬ በችኮላ መግደል ማለት ነው።

ቀጥሎ የነከሰው በእርግጥ ፒስተኑ መሆኑ ይጣራል። ቺንጋው ይወልቃል፤ ዲናሞውና የውኃ ፖምፓው ለየብቻ በእጅ ይዞራሉ፤ ካምቢዮው ነጻ መሆኑ ይታያል። ዘይቱና ውኃው ይፈሳሉ። ዘይቱ ውኃ ከያዘ ራሱ ወሬ ነው። ከዚያ ካንዴላው፣ በናፍጣ ሞተር ደግሞ የናፍጣ መርጫው ተነቅሎ በየሲሊንደሩ ፈሳሽ ይገባል። በውጭ አገር አሮጌ መኪና የሚያድሱ ሰዎች አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ቀላቅለው ይጠቀማሉ። በኛ ጋራዦች ላምባ ወይም ናፍጣ ከቀጭን ዘይት ጋር ይደባለቃል፤ የፍሬን ዘይት የሚመርጡም አሉ። መርሑ አንድ ነው፤ ፈሳሹ ፋሻውን አልፎ ለመሥረግ ቀጭን፣ ከሠረገ በኋላ ለማለስለስ ቅባት ሊሆን ይገባል። ዝገቱን አያሟሟውም፤ በቅንጣቶቹ መካከል ገብቶ ያላላዋል እንጂ። ይህ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። በየጠዋቱ የጎደለውን እየሞሉ መጠበቅ ነው። የፈሳሹ መጠን ከቀነሰ መንገድ አግኝቷል ማለት ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እዚህ ላይ ቀጥተኛ ትርጉም አለው።

ይህ ካልበቃ ቴስታታው ይነሣል። ከፒስተኑ በላይ ያለው ግድግዳ የዛገ ወይም ጥቀርሻ የያዘ ከሆነ ማንኛውም ጉልበት ከመሰንዘሩ በፊት ይጸዳል፤ ፒስተን በዝገት ላይ ሊያልፍ አይችልምና። ፒስተኑም መጀመሪያ የሚገፋው ንጹሕ ግድግዳ ወዳለበት አቅጣጫ ነው። በሞተሩ ጀርባ ባለው ከባድ ጎማ፣ በቮላኖው ላይ፣ ረጅም ብረት ተደግፎ አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ፊት፣ አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይወዘወዛል። ከፒስተኑ ራስ ጋር እኩል የሆነ የወይራ ጉማጅ ተደርጎበት በእንጨት መዶሻ በመጠኑ ይመታል፤ ጉማጁ ምቱን በሙሉ ራሱ ላይ ያከፋፍለዋል። ሁለቱ ቫልቮች ተዘግተው በሚገኙበት ሞተር ደግሞ በካንዴላው ቀዳዳ በግሪስ ፖምፓ ግሪስ መግፋት ይቻላል፤ ግፊቱ በፒስተኑ ፊት ሁሉ እኩል ስለሚያርፍ መዶሻ ያቃተውን ያንቀሳቅሳል። በቮልስ ሲሊንደሮቹ ለየብቻ ስለሚወልቁ ያልነከሱት አስቀድመው ይነሣሉ፤ ካሚቻው ተነቃይ በሆነባቸው የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ ፒስተኑ ከነካሚቻው ሊወጣ ይችላል።

ከተላቀቀ በኋላ ሲሊንደሩ ይለካል፤ ከላይና ከታች፣ በርዝመትና በአግድም። ክብነቱን ካጣ ሬቲፊካ ሄዶ ይሰፋል፤ እንደ ስፋቱም ከመደበኛው የገዘፈ ፒስተን ይገጠምለታል።

ሞተሩን ማንበብ

አሁን ወደ ታሪክ ሙያችን ልመለስ። የገዘፈ ፒስተን መጠኑ በራሱ ላይ ተቀርጾበታል፤ በጣሊያን ሞተሮች በሚሊ ሜትር፤ በእንግሊዞቹ በኢንች፣ 0.010፣ 0.020፣ 0.030፣ 0.040። ይህ ቁጥር ለታሪክ አጥኚ እንደ ዛፍ ቀለበት ነው። ሞተሩ ምን ያህል ተስፍቶ ዳግም እንደተወለደ ይነግረዋል።

ባለፈው በጋ በአንድ ጋራዥ ተከፍቶ ያየሁትን ሞተር እንደ ምሳሌ ልጥቀስ። ባለ አራት ሲሊንደር የላንድሮቨር የቤንዚን ሞተር ነው፤ 2,286 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት ከፋብሪካ ሲወጣ 90.47 ሚሊ ሜትር። ሦስቱ ፒስተኖች 0.040 የሚል ጽሑፍ ነበረባቸው፤ በተለመደው መጠን የመጨረሻው ደረጃ ማለት ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ግን በውስጡ ካሚቻ ተጨምሮለት በመደበኛው መጠን ፒስተን ይሠራ ነበር። ስለዚህ ይህ ሲሊንደር አንድ ጊዜ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ አንድ የቶርኖ ባለሙያም ብሎኩን ከመጣል ይልቅ ግድግዳ ሠርቶለታል። ፋሻዎቹ የሁለት አገር ሥራ ነበሩ። ከቢየላ ብሎኖቹ ሁለቱ የዚህ መኪና አልነበሩም፤ ከሌላ ተወስደው በልክ የታረዱ ናቸው። የዝገቱ ቀለበት በሁለተኛው ሲሊንደር ብቻ፣ ከላይ አንድ ሦስተኛ ላይ ተቀምጦ ነበር። መኪናዪቱ ለመጨረሻ ጊዜ ስትቆም ክራንኩ የት እንደነበረ፣ የትኛውም ቫልቭ ክፍት እንደቀረ ከዚህ ይታወቃል።

የቁጥር ልዩነትና የተቀላቀለ ፋሻ የግዴለሽነት ምልክት ነው የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ እንደዚያ አላነበብኩትም። የውጭ ምንዛሪ ባልነበረበት፣ መለዋወጫ ከሶማሌ ተራ በስንት ደጅ ጥናት በሚገኝበት ዘመን ይህን ሞተር ያቆየ ሰው የነበረውን ሁሉ አስተባብሯል። ብሪታንያዊው የቴክኖሎጂ ታሪክ ጸሐፊ ዴቪድ ኤጀርተን የቴክኖሎጂ ታሪክ በፈጠራ ሳይሆን በአገልግሎትና በጥገና ዐይን መታየት አለበት ሲል ይከራከራል፤ የጋናንም ጋራዦች በምሳሌነት ያነሣል። የኩማሲውን ሱዋሜ የጋራዥ ሰፈር ያየ ሰው ሶማሌ ተራን ያስታውሳል። ክርክሩ ለኛም ይሠራል፤ ማስረጃው ግን ከኛው ሲሊንደር ሊወጣ ይገባል።

የማላቀቁ ሥርዓት ለታሪክ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። በመዶሻ በችኮላ የተላቀቀ ሞተር የዝገት ቀለበቱ ይጠፋል፣ ፋሻው ይሰበራል፣ የጭረቱ አቅጣጫ አዲሱ ከአሮጌው አይለይም። ጭረቱ ዙሪያውን ከሆነ ሙቀት ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ የዘይት እጦት ወይም የቢየላ መጉበጥ ሊሆን ይችላል። የባለሙያው ትዕግሥት ሞተሩን እንደሚያድን ሁሉ ሰነዱንም ያድናል። ባለሙያውና ታሪክ አጥኚው የሚፈልጉት አንድ ነው፤ ሳይጎዱ መክፈት።

አሁን ለምን?

ይህን ሁሉ ዛሬ የማነሣው ጊዜው ስላጠረ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ከባድ ታክስ ጣለባቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። ውሳኔዎቹን ለመተቸት አልቆምኩም፤ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ለታሪክ ሙያ ግን ትርጉማቸው ግልጽ ነው። ፒስተን ያለው ሞተር በዚህች አገር አንድ ዘመን ኖረ፤ ያ ዘመን መደምደሚያው እየታየ ነው። ኤሌክትሪክ የደረሳቸው ወፍጮ ቤቶች የናፍጣ ሞተራቸውን ወደ ጓሮ አውጥተዋል። የብረት ዋጋ ሲወደድ ብሎኩም፣ ክራንኩም በኪሎ ይሸጣል። ከጣሊያኖቹ እጅ ሥራውን የተቀበሉት የመጀመሪያዎቹ መካኒኮች አብዛኞቹ አርፈዋል፤ የእነርሱ ደቀ መዛሙርትም ዛሬ ሽማግሎች ናቸው።

በጋፋት የሆነው ይኸው ነው። መድፉ መቅደላ ላይ ቀረ፤ እጆቹ ጠፉ። ለመድፉ ሐውልት ማቆም ችለናል፤ የወናፉን አነፋፍ ግን ዛሬ የሚነግረን የለም። በጋራዡ ላይ ይህ እንዳይደገም ማድረግ የኛ ትውልድ አስተማሪዎችና ተማሪዎች ሥራ ነው፤ ደግሞም ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የታሪክና የአማርኛ ተማሪዎቻችን ከመካኒካል ምሕንድስና ተማሪዎች ጋር ሆነው የጋራዡን ቃላት ይሰብስቡ፤ ዕቃው፣ ስሙ፣ የተሰማበት ቦታ፣ የተናጋሪው ዕድሜና ሙያውን የተማረበት ሁኔታ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ የአረጋውያን መካኒኮች፣ የቶርኖ ባለሙያዎች፣ የወፍጮ ቤት ኦፕሬተሮችና የካሚዮን ሾፌሮች የቃል ታሪክ ይቀረጽ። የመጀመሪያ ዲግሪ ማሟያ ጥናት የሚፈልግ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ርእስ ሩቅ ሄዶ መፈለግ የለበትም። ሦስተኛ፣ የሚሸጥ አሮጌ ሞተር ያላችሁ ወገኖች ከመሸጣችሁ በፊት ጥሩን። አንገዛውም፣ አናስቀረውም። አንድ ቀን ስጡን፤ ሲከፈት ቆመን ቁጥሩን እንጻፍ፣ ሲሊንደሩን እንለካ፣ ፎቶ እናንሣ። ባለሙያው ምን እንደሚያደርግና ለምን እንደሚያደርግ እንጠይቅ። መዝገቡ ላይ የመኪናው ዓይነት ብቻ ሳይሆን፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ የጠጋኙም ስም ይሰፍራል።

ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተገኛችሁ ባለሙያዎች አብዛኞቻችሁ ከኛ ዘንድ ዲግሪ አልያዛችሁም። በዚህ ርእስ ላይ ግን መምህራኑ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ የጥያቄና መልሱን ጊዜ ከመክፈቴ በፊት የመጀመሪያውን ዕድል ለእናንተ እሰጣለሁ፤ ስለ ፈሳሹ ቅልቅል ያነሣሁት ላይ የምትጨምሩት ካለ ተማሪዎቹ ማስታወሻቸውን ይዘው እየጠበቁ ነው።